በራሴ ነው የተውኩት

ባቡሩ ከከተማው ዳር፣ የአትክልት እርሻ የከበበው ዌሪቢ ጣቢያ ደርሶ በሩ ሲከፈት፣ በተለይ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ የእርጥብ ጎመን ሽታ ይገባል። ሌላው ተሳፋሪ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ የአባባን የሥራ ጃኬት አስታውሳለሁ። አባባ በዚያ አካባቢ በአንድ የአትክልት ማሸጊያ መጋዘን ይሠራ ነበር፤ ሳይነጋ ከምንኖርበት ሰፈር ከሰንሻይን ተነሥቶ ይሄድና፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጃኬቱን በረንዳ ላይ ሰቅሎ፣ ታጥቦ፣ ሰግዶ ይጠብቀኝ ነበር። በበጋ ሽታው ይበረታ ስለነበር እማማ ጃኬቱን ከበር አታሳልፈውም ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ደብዳቤ መጣ። የቤታችንን ደብዳቤ ሁሉ፣ የመብራቱንም የትምህርት ቤቱንም፣ አንብቤ በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ያን ቀንም ቆሜ አነበብኩላቸው፤ መጋዘኑ አዲስ ማሽን በማስገባቱ ሠራተኛ መቀነሱን፣ አባባም ከተቀነሱት አንዱ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። አባባ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ «እሺ፣ እጠፊው» አለኝ። እማማ መኝታ ክፍሌ ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ «ለሰው እንዳታወሪ» አለች።

ሰው ማለት ከሁሉ በፊት ጋሼ ሙሄ ነበሩ። ከአባባ ጋር ከደሴ ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ ታክሲ የሚነዱ ጎረቤታችን ናቸው። አባባ ቀን ቀን ቤት መዋሉን አይተው ምነው ሲሉት፣ «ተውኩት ባክህ፣ የዚያ ቤት ብርድ ወገቤን ጨረሰው» አላቸው።

«ደግ አደረግህ! ትንሽ ብትቆይ አናትህ ላይ ጎመን ይበቅል ነበር!» ብለው ሳቁ። አባባም አብሮ ሳቀ፤ እኔ ምንጣፉን አየሁ።

ከዚያ ብርዱ ገባ። አባባ በየመጋዘኑ ስሙን እያስመዘገበ ይመለስ ነበር፤ የሚጠራው ግን አልነበረም። እማማ ማሞቂያውን የምትከፍተው እኔ የቤት ሥራ ስሠራ ብቻ ሆነ፤ የቤት ኪራዩም ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። በመጨረሻ አባባ የሥራ አጥ ድጎማ ሊያመለክት ወሰነ። መሥሪያ ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ እንደሚሰጥ ብነግረው፣ «የምናውቀው ሰው ቢሆንስ? ዓርብ መስጊድ እንገናኛለን» ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ እንድሄድ ሆነ። ጋሼ ሙሄ ይህን ሲሰሙ፣ «በዚህ ዝናብ ልጅ ይዘህ ባቡር ልትጠብቅ ነው? እኔ አደርሳችኋለሁ» አሉ፤ እምቢ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። አድርሰውን የሚመለሱ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን አብረውን ገብተው፣ ተራችን ሲደርስም ተከትለውን መጥተው ከአባባ አጠገብ ተቀመጡ። በእኛ ዘንድ ጉዳይ የያዘው ሰው ብቻውን አይተውም።

ያስተናገደችን ሴትዮ ጨዋ ነበረች። አባባ የመጨረሻ ሥራውን ለምን እንደለቀቀ ጠየቀችኝና ወደ አማርኛ መለስኩለት። አባባ በዐይኑ ጫፍ ወደ ጋሼ ሙሄ ተመልክቶ፣ «በራሴ ነው የተውኩት በያት» አለ።

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እውነቱን በእንግሊዝኛ እንዳልናገር፣ ጋሼ ሙሄ ከእኔ እኩል እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ያለውን እንዳለ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ፣ ሥራውን በፈቃዱ የተወ ሰው ድጎማው ወዲያው እንደማይጀምርለት፣ ሳምንታት መጠበቅ እንዳለበት አስረዳች። ያንንም ተረጎምኩ፤ ድምፄ እያነሰ ሄዶ መጨረሻው ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«እንግዲህ እንጠብቃለን» አለ አባባ።

ጋሼ ሙሄ የመኪና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ሰዒድ፣ የፓርኪንጉ ሰዓት ሊያልቅብኝ ነው፤ መኪናዋን ዞር አድርጌያት ልምጣ» አሉና፣ ካፖርታቸውን እየቆለፉ፣ ምንም ሳይቸኩሉ ወጡ። አባባ የመስታወቱ በር እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ደብዳቤውን ስጫት» አለኝ።

ስንወጣ መኪናዋ ስንመጣ በቆመችበት ቦታ ነበረች። ከፊቷ የተተከለውን ምልክት፣ ጽሑፍ ሳላነብ ማለፍ ስለማልችል፣ አነበብኩት፤ እዚያ ቦታ ቀኑን ሙሉ ማቆም ይቻል ነበር። «ጨረሳችሁ?» አሉ ጋሼ ሙሄ። «ጨረስን» አለ አባባ። እስከ ቤት ድረስ ስለ መኪናዋ ፍሬን አወሩ። ድጎማው ብርዱ ሳይወጣ ጀመረ፤ አባባም በጸደይ ሌላ መጋዘን ገባ።

ባለፈው ወር እኔም የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውሌን ሳያድስልኝ ቀረ። ማመልከቻውን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ሞላሁት። ሥራውን ለምን እንደለቀቅሁ ከሚጠይቀው መስመር ሥር ምርጫዎች ተደርድረዋል፤ አንዱን መንካት ብቻ ነው፤ ከአባባ ጋር ግማሽ ቀን የፈጀብን ነገር ሩብ ሰዓት አልወሰደብኝም። ያኔ አባባ የሚያፍረው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ እፍረቱን አይቶ ተነሥቶ የወጣለትም ያው ሰው ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም መልሱን ከመንካቴ በፊት ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ።