ሀብተማርያም ዝም ያለበት ቀን

ሀብተማርያም ሰው የሚያሳፍር ነገር ከአፉ አይወጣም። እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ፀጉር የሚቆርጠው ሰው ጆሮውን በምላጭ ቢነካው «እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩት» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ወጥቷል። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከእሱና ከባለቤቱ ከጠጂቱ ጋር በር ለበር ስንኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። የሆቴል አንሶላ ሲተኩስ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው፤ ዛሬም መሐረቡን አራት አጥፎ ይተኩሳል።

ባለፈው መስከረም በቀኝ አፍንጫው ውስጥ የማትድን ቁስል ወጣች። ካንሰር ናት ተባለ። ሐኪሟ አፍንጫውን ከመቁረጥ በፊት የውስጥ ጨረር እንሞክር አለች። ስስ ቱቦዎች አፍንጫው ውስጥ ሰኩለት። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ጨረር ያላት ብረት በሽቦ ጫፍ ከማሽኑ ወጥታ በቱቦው ውስጥ ትሄድና ዕጢውን ከቅርብ ታቃጥላለች። ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። ካልሠራ ግን አፍንጫው ይቆረጣል።

ቱቦዎቹ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ ከቆዳው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ጨረሩ ዕጢውን ይስታል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዤ ሆስፒታል ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ክፍሌ ሊጸልዩለት መጡ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ሀብተማርያም ቶሮንቶ ሲገባ ካፖርት ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። በእኛ ልማድ ደግሞ እጅ የሚጫነው የታመመው ቦታ ላይ ነው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ ልጄ?»

«እዚህ ነው ጋሼ። ግን ቱቦው…»

«ቱቦ ጌታን ይከለክለዋል እንዴ!» አሉ። ሳቅን።

ጸሎቱ ሲግል አፍንጫው ላይ የጫኑት እጃቸው ይርገበገብ ጀመር። ሀብተማርያም ብርድ ልብሱን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። አሜን ሲባል አንዱ ቱቦ የጥፍር ያህል ወጥቶ ነበር። ጋሽ ክፍሌ አላዩም።

«ቀለለህ?»

«ቀለለኝ ጋሼ።»

እስከ አሳንሰሩ ሸኝቻቸው ስመለስ ሀብተማርያም መስታወት ፊት ቆሞ ቱቦውን በጣቱ ወደ ውስጥ ይገፋል።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ዝም ይበሉ እትዬ። መስመሩ ገጠመ እኮ። ከተናገርን ጥፋቱ የጋሼ ነው ይባላል።»

የሾርባውን ዕቃ ሰበሰብኩ።

ማታ ነርሷ መጣች። ልጁ ፌበን አስተረጎመች። «አባዬ፣ ቱቦው ሙቭ አድርጓል ወይ እያለችህ ነው።» አልተንቀሳቀሰም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ መስመሩን አይታ ጨረር ወደሚሰጥበት ክፍል ወሰደችው። ከባዱ በር ተዘጋ። ከበሩ ላይ ቀይ መብራት በራ። ጠጂቱ አጠገቤ ሆና «አንድ ቀን ብቻ ቀረው፣ ተመስገን» አለች። እኔ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ለመናገር ጊዜ ነበረኝ።

በማግስቱ ጠዋት በራጅ ሲታይ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ታጥፎ ተገኘ። ሲጠየቅ ተናገረ። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ በፊት ተቀምጣ አታውቅም። የትናንት ማታው ጨረር ጤነኛው ሥጋ ላይ አርፏል፤ ዕጢው ምን ያህል እንደቀመሰ አይታወቅም። አስተካክለው ጨረሱለት። ውጤቱ በሦስት ወር ይታያል ተባለ።

«ሲሪየስሊ አባዬ፣ ለምን አልተናገርክም?» ፌበን አለቀሰች።

«ለጋሽ ክፍሌ እንዳትነግሩ» ብቻ አለ።

ሦስቱ ወር ነገ፣ ሰኞ ይሞላል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ክፍሌ ማይክራፎን ይዘው ጌታ በእጃቸው ያደረገውን መሰከሩ፤ ሀብተማርያምን አስነሡት። ጉባኤው እልል አለ። ጠጂቱ እልል አላለችም። ትናንት ከባሏ መንጋጋ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር በእጇ አግኝታለች።

የኮቱን እጅጌ ያዘችና «ተቀመጥ» አለችው በሹክሹክታ።

«ጋሼ ይጨርሱ» አላት።