የቴምሯ ግማሽ

ኮልፌ ገበያ ቴምር የሚሸጡት ሽማግሌ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ካፖርታቸው የሰፋቸው ናቸው። ገዢ ሲመጣ አንዷን ፍሬ ለሁለት ይከፍሉና ግማሿን ቀምሰው፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ማር ነው!» ይላሉ።

ትናንት ለእኔም እንደዚያው አደረጉ። የቀረችውን ግማሽ «እንቺ» እያሉ፣ አምና የሞቱት ሚስታቸው ይቀመጡበት ወደነበረው ባዶ በርጩማ ዘረጉ። ድንገት እጃቸው ቆመ።

«ወይኔ! ረመዳን!»

አጠገባቸው ሳምቡሳ የምትጠብሰው ዘይነባ ሳቀች። «አይደንግጡ አባባ። ረስቶ የበላ ጾሙ አይፈርስም፤ ያበላዎት አላህ ነው።»

ትከሻቸው ረገብ አለ። ግማሿ ግን አሁንም እጃቸው ላይ ናት።

«የእማማን ለእኔ ይስጡኝ፤ ማታ ጾሜን አፈጥርባታለሁ» ብላ በሻሿ ጫፍ ቋጠረቻት።

ሽማግሌው በረጅሙ ተንፍሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«አላልኩህም? ማር ነው!»