ጫማ ብቻ የሚያውቀው ሶፍትዌር

አሶሳ የቀርከሃ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ሊያስጎበኙኝ ይዘውኝ ገቡ። ጠና ያሉ የበርታ ሰው ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለመጡ ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። በሩ አጠገብ የተደረደሩትን የቀርከሃ ወንበሮች መታ መታ እያደረጉ፣ «ይሄ የወንድ ጫማ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ አልጋዎቹ ዞሩና፣ «ይሄ ቡትስ ነው» አሉ።

እኔ፣ አዲሷ ደረሰኝ ቆራጭ፣ ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች መንደር ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ጎረቤቶች ስለነበሩን፣ ሀጂም ቃል ተቀይሮባቸው ነው ብዬ በትሕትና ላርማቸው ሞከርኩ።

«ሀጂ፣ ይሄ እኮ አልጋ ነው።»

በሐዘኔታ አዩኝ። «አልጋ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። ቤት ሲገባ አልጋ ነው። እዚህ ቡትስ ነው። ኮምፒዩተር ቡትስ ነው ብሏል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ክልሉ አዲስ የተቋቋመ ጊዜ ሁሉም ነገር ባንዴ ነበር የሚፈለገው፤ ቢሮው፣ ማኅተሙ፣ መኪናው፣ ጸሐፊዋ። ፋብሪካውም ሲከፈት «ዘመናዊ አሠራር ያስፈልገዋል» ተባለና፣ የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ አዲስ አበባ ሄደው ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒዩተር ይዘው መጡ። የገዙት ከአንድ የጫማ ፋብሪካ ነው። የጫማ ፋብሪካው አርጅቶብኛል ብሎ የጣለው ነበር። ሶፍትዌሩ ሽያጩንም፣ መጋዘኑንም፣ ምርቱንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ችግሩ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከጫማ ሌላ ዕቃ መኖሩን አያውቅም። የሠራው ሰው የት እንደገባ ስላልታወቀ የሚያስተካክለው ጠፋ። እሱ ከእኛ ጋር አልስማማ ሲል እኛ ከእሱ ጋር ተስማማን። መደገፊያ ያለው ወንበር የወንድ ጫማ ሆነ። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ታኮ ጫማ ሆነ። አልጋው ቡትስ፣ መደርደሪያው ሸራ ጫማ፣ ያቺ መደገፊያ የሌላት አጭር መቀመጫ ደግሞ ነጠላ ጫማ ተባለች። ቁጥር ካልሞሉለት ወደፊት ስለማይሄድም ለእያንዳንዱ እንደ ቁመቱ የጫማ ቁጥር ተሰጠው።

ደረሰኙ ግርጌ ላይ «ግራና ቀኝ መሆኑን አረጋግጠው ይረከቡ» የሚል ጽሑፍ አብሮ ይታተማል፤ ማጥፋት አልተቻለም። አንድ ጊዜ ከሆሞሻ የመጡ ነጋዴ ወንበር ገዝተው ከሄዱ በኋላ፣ ወንበሩን ተሸክመው ተመለሱ።

«ግራው የታለ?» አሉ።

እኔ ደረሰኙን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሀጂ ግን ወንበሩን ተቀበሏቸውና ዞር አድርገው፣ ገልብጠው፣ እግሮቹን አንድ በአንድ መርምረው ሲያበቁ፣ «ይሄ ቀኝ ነው» አሏቸው። «ከበር በስተቀኝ ነው የሚቀመጠው።»

ነጋዴው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ግራውንም ስጡኝ» ብለው ሌላ ገዝተው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ጽሑፉ ደመቅ ብሎ ይታተም ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ጊዜ ሲሄድ ኮምፒዩተሩ መታመም ጀመረ። ሙቀት ሲበረታ ጭራሽ ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱት የትናንቱን ሽያጭ ረስቶ ይነሳል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ፣ አዲስ ነገር የሚወዱ፣ ደግ ሰው ነበሩ። «በቃ፣ ይሄን ነገር በክብር እናሰናብተው» አሉና አዲስ አበባ ካለ አንድ ድርጅት ጋር ተዋዋሉ። ድርጅቱ አዲሱን ሶፍትዌር ለእኛ እንዲሆን አድርጎ ለማዘጋጀት የድሮውን መረጃ ላኩልን አለን። እኔ በፍሎፒ ገልብጬ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ በስልክ መምጣት ጀመረ። የምትደውለው ኋላ ልታሠለጥነን የምትመጣው ልጅ ናት። መስመሩ ካልጮኹበት ስለማያሰማ እሷም ሥራ አስኪያጁም ይጮኻሉ፤ ቢሮ ያለን ሁሉ እንሰማለን።

«ታኮው ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከቀርከሃ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አይሰበርም?»

«ሁለት ሰው ቢቀመጥበት አይሰበርም!»

«ሁለት ሰው?»

«ሦስትም ሞክረናል!»

«ቡትሱስ ለወንድ ነው ለሴት?»

«ለባልና ሚስት ነው! ለብቻ ለሚኖርም ጠበብ ያለ አለን!»

«እ… እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «በነገራችን ላይ ነጠላ ጫማ እወዳለሁ፤ ስመጣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር አስቀምጡልኝ» አለቻቸው።

«ምን ችግር አለው!» አሉ፤ ዘግተውም ሀጂን ጠርተው አንድ ጥንድ እንዲያዘጋጁ አዘዙ። እመኑኝ፣ ቢሮ ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም አልሳቅንም። ቋንቋው ስለለመደን ምኑ እንደሚያስቅ አልታየንም። እሷም በበኩሏ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ በየአገሩ የተለየ ጫማ ይኖራል ብላ ነው የተወችው።

የመጣች ቀን መኪናችን ለሥራ ወጥቶ ስለነበር የሚቀበላት አልተላከም። በር ላይ ሆኜ ስጠብቅ አንዲት ባጃጅ ገባች። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ግቢው ውስጥ የተከመረውን ቀርከሃ አየችና ለሾፌሩ አንድ ነገር ስትለው ባጃጇ ባለችበት ዞራ ወጣች። እጄን እያወዛወዝኩ ብሮጥም አልደረስኩባቸውም።

የተመለሱት ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ነው። ሾፌሩ አሶሳ የጫማ ፋብሪካ የለም ብሎ ቢምልላትም፣ «አለ፣ ቡትስ ሁሉ ይሠራሉ» ብላ ድርቅ ስትልበት፣ ገበያ ወስዶ ሊስትሮዎቹ ዘንድ አወረዳት። «በዚህ ከተማ የጫማ ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ ከዚህ በላይ ካለ አላህ ያውቃል» አላት። አንዱ ሊስትሮ ወንድሙ እኛ ዘንድ ቀርከሃ ሰንጣቂ ነው። «ቡትስ? ለባልና ሚስት የሚሆነው? እሱማ የቀርከሃ ፋብሪካ ነው!» ብሎ እየሳቀ መልሶ ላካት።

ፊቷ በአቧራ ነጭ ሆኖ ገባች። ገና ውኃ ጠጥታ ሳታበቃ ሀጂ በገመድ የታሰሩ ሁለት አጫጭር መቀመጫዎች አንጠልጥለው መጡና እግሯ ሥር አኖሯቸው።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሏት። ሀጂ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት። «ይሄ ያንተ ነጠላ ጫማ ነው። ሠላሳ ስምንት ቁጥር።»

ልጅቷ መቀመጫዎቹን አየች። እኔን አየች። ሥራ አስኪያጁን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ አንዱ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ቀረብ ስል በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት ነው።

«ቢያንስ ልኬ ነው» አለች።

የመጣችበትን ነገር ግን አሳየችን። ላፕቶፗን ከፈተችው። አዲሱ ሶፍትዌር ሲነሳ አንዲት ቀይ ጫማ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ትራመዳለች። ቆዳው በዓይነት በዓይነቱ ተዘርዝሯል፤ ሶሉ፣ ገበሩ፣ ክሩ፣ ቀለሙ፣ ማስቲሹ፣ ምኑ ቅጡ። የአዲስ አበባዎቹ የኛን የድሮ መረጃ አምነው፣ በአገሪቱ ያለ የጫማ ፋብሪካ ሁሉ የሚቀናበት ሶፍትዌር ሠርተውልን ነበር። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው ጫማዋ ስትራመድ ደጋግመው አዩ።

«በጣም ያምራል» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን… ቡትሱን መልሶ አልጋ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች። «ግን የእያንዳንዱን ዕቃ እውነተኛ ስም ንገሩኝ። ይሄ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አልመሰለንም። በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ማንጎው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አልጋው ወዲያው አለፈ። መደርደሪያው አለፈ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ያቺን አጭር መቀመጫ አንስተው፣ «ይሄስ ማን ይባላል?» አሉ።

«በንበር» አሉ ሀጂ።

«አይ ሀጂ፣ ወንበርማ መደገፊያ ያለው ነው።»

«ወንበር አላልኩም። በንበር ነው ያልኩት።»

«እኮ፣ ወንበር።»

«በ! በ! በንበር!» ሀጂ ቆመው ከንፈራቸውን በጣታቸው እያሳዩ ‹በ›ን ደጋገሙላቸው። «ሱዳንም እንዲህ ነው የሚለው!»

ከባምባሲ የመጣ አንድ ሠራተኛ፣ ቀርከሃ እንደ ስፌት የሚጎነጉን ጎበዝ ሰው፣ ጣልቃ ገባ። «ምን ያጨቃጭቃል? በርጩማ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው በራ። «ልክ ነው! በርጩማ! ጥርት ያለ አማርኛ!»

«አማርኛ?» አለ ሰውየው። «በርጩማ ኦሮምኛ ነው። ከናንተ በፊት ነው የተቀመጥንበት።»

አሁን በአንድ ቃል የተስማሙት ሁለቱ ሰዎች ቃሉ የማን ነው ብለው ተያያዙ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ እጄን አወጣሁና፣ «እኛ ቤት ዱካ ነው የሚባለው» አልኩ። ሁሉም ዞረው እኔን ያዙኝ። «ዱካ የእግር ምልክት አይደለም ወይ?» አለኝ አንዱ። የእናቴን ቋንቋ ሲነኩብኝ ደሜ ፈላ፤ ከወንበሬ፣ ይቅርታ ከወንድ ጫማዬ፣ ተነሥቼ በመቀመጫና በእግር ምልክት መካከል ስላለው ልዩነት ንግግር አደረግሁ። ማንም አልሰማኝም። ማንጎው ሥር ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይናገራል፤ አሠልጣኟ መሀል ተቀምጣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትዞራለች።

ሀጂ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ቆይ! ነጠላ ጫማ ስንል ማን ነው የተጣላው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልተጣላም ነበር። ነጠላ ጫማ የማንም ስላልነበረ ማንም አልተቀየመበትም። በዚያ ግቢ ውስጥ ሁላችንም እኩል እንግዳ የሆንበት ቋንቋ እሱ ብቻ ነበር።

አሠልጣኟ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ለምን ሁሉንም አላስገባውም?» አለች። «አንድ ዕቃ የፈለገውን ያህል ስም ቢኖረው ሶፍትዌሩን አይከብደውም። በንበር ብላችሁ ጻፉ፣ በርጩማ ብላችሁ ጻፉ፣ ዱካ በሉት፣ ያችኑ ዕቃ ያመጣላችኋል። ደረሰኙም ገዢው በጠራበት ስም ይወጣል።»

ጭብጨባው ማንጎ ያረግፍ ነበር። የባምባሲው ሰው ግን እጁን አወጣ። «ነጠላ ጫማም ይጨመርልን፤ ለምደነዋል።» ተጨመረ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ካሰበችው በላይ አሶሳ ቆየች። ቀን ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ዕቃውን በየስሙ እናስገባለን፤ ሲደክመን ማንጎ እንበላለን። ብዙም ሳትቆይ አፏ ተፈታ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ላለው አለቃዋ ደውላ፣ «ታኮውን ጨርሼ ሸራው ላይ ነኝ፤ ቡትሱ ግን ገና ምስማር ይቀረዋል» ስትል ሰማኋት። አለቃዋ መታመሟን ጠየቃት።

አዲሱ ሶፍትዌር ሥራ የጀመረ ቀን መጀመሪያ የመጣው ገዢ ሊያገባ የተዘጋጀ የባምባሲ ጎልማሳ ነው። አልጋ ፈልጎ ነው። እኔ «ደረሰኙ ላይ ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አልኩት።

«ምን ትያለሽ ደግሞ? አልጋ ነዋ!» አለኝ ግራ ገብቶት።

ጻፍኩ። «አልጋ» ብሎ ታተመ፤ ግራና ቀኝ የሚል ነገር የለበትም። ወረቀቱን ሳየው የሰው ምሥጢር ያወጣሁ ይመስል አፈርኩ። ሥራ አስኪያጁ ደረሰኙን ከእጄ ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሠራተኛው እልል አለ። ሙሽራው እልልታው ለሠርጉ መስሎት፣ «አሜን፣ አሜን» እያለ ሁሉንም ጨበጠ።

«ይችላል ግን?» አለ ኋላ ሀጂን። «ሁለት ሰው ይችላል?»

ሀጂ ጫማቸውን አወለቁና አልጋው ላይ ጋደም ብለው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ና።»

ሙሽራው አመነታ፤ ከዚያ አጠገባቸው ተጋደመ። ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሰማይ ሰማይ እያዩ ትንሽ ቆዩ። አልጋው ሲጥ አላለም።

«ጥሩ ነው» አለ ሙሽራው።

«ጥሩ ነው» አሉ ሀጂ። «ሚስት ስታገባ ግን እኔ የለሁም።»

አልጋውን አይሱዙ ላይ ጫንን። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ሙሽራው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣና አልጋው መሀል እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ አሠልጣኟና እኔ ከኋላ ቆመን እጃችንን አወዛወዝንለት፤ እሱም እንደ ሹም ቀስ አድርጎ እጁን እያነሣ፣ በባምባሲ መንገድ ላይ ዝናብ እያስገመገመበት ሄደ።