የጡጦ ቀማሽ

በጃንሆይ ጊዜ ሞጣ ውስጥ በነበረች አንዲት ሐኪም ቤት ድሬሰር ሆኜ ስቀጠር ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ መስሎኝ ነበር። ሲስተሯ ግን እጄን ገልብጣ አየችና ወደ ወተት ክፍል ሰደደችኝ። ወተት ክፍል የምንላት ጓዳ ሰው ሲያስነጥስባት ግድግዳዋ የሚሰፋ ጠባብ ናት። እናቶቻቸው ታመው ማጥባት ላቃታቸው ሕፃናት የዱቄት ወተት የሚበጠበጠው እዚያ ነበር።

የሲስተሯ ሕግ ከዐቢይ ጾም ይልቅ ይጠብቃል። ጡጦው ይቀቀላል፣ ውሃው ይፈላል፣ እጅ እስከ ክርን በሳሙና ይታሻል። ከሕፃኑ በፊት ጡጦውን የነካ አፍ ካለ ወተቱ ይደፋል፣ ጡጦውም ተመልሶ ድስት ይገባል። በዚያ ዓመት ዓባይ የጎደለው እኔ እጄን ስታጠብ ነው ቢባል አልከራከርም።

አንድ ቀን ከቢቸና አንዲት አራስ በጭነት መኪና መጣች። ትኩሳቱ ራሷን አስቷታል፤ ጡቷም ደርቋል። ሕፃኑን ያቀፉት እናቷ ናቸው። ልጁ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ጠፍቶ አፉን ብቻ ይከፍታል። ጡጦዬን ይዤ ከተፍ አልኩ።

«ቅመሰው» አሉኝ አያትየው።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ያመጣኸውን ነዋ። ጠላ የሚቀዳ እንኳ ቀምሶ ነው የሚሰጥ። የማን ልጅ እንደሆንክ ሳላውቅ የሞጣ ሰው የበጠበጠውን ለልጅ ልጄ ላጠጣ?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ሳይቀመስ የቀረበ ነገር ወይ መርዝ ነው ወይ ንቀት። ጡጦውን አፌ ላይ ደቅኜ አንዴ ሳብ አደረግሁት። ጥሩ ነው፤ ዞር ስል ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማለች።

«ድፋው።»

ደፋሁት። አያትየው ወደ ጎረቤት አልጋ ዞሩና «አያችሁ? መርዝ ባይሆን ምን አስደፋው?» አሉ።

ድስቱን መልሼ ጣድኩ። አልቀምስም ብል አያትየው አይቀበሉኝም፤ ብቀምስ ሲስተሯ ታስደፋኛለች። አዲሱን ጡጦ ይዤ ስመለስ ሕፃኑ አፉን መክፈቱንም ትቷል። ያን ጊዜ ቀልድ ከነጓዙ ጥሎኝ ሄደ።

ሲስተሯ ጡጦውን ተቀበለችኝና ሙቀቱን ለማየት የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አደረገች። እኔ ጅሉ፣ የአገሬ ጠላ ቀጂ የሚቀምሰው በመዳፉ እንጂ ከእንግዳው ዋንጫ እንዳልሆነ ያኔ ትዝ አለኝ። መዳፌን ዘረጋሁ።

«ሲስተር፣ ለእኔም ጠብ ያድርጉልኝ።»

ገባት። ጠብ አደረገችልኝ፤ ላስኩት። አያትየው እወድቅ እንደሆነ አፍጥጠው ጠበቁ። ትንሽ ልንገዳገድላቸው እግሬን በልቶኝ ነበር፤ የሕፃኑን ከንፈር ሳይ ተውኩት።

«ደህና ነው?» አሉኝ።

«ቢጨመርልኝ አልጠላም፣ እማማ።»

«አንተ ሂድና እጅህን ታጠብ» አለችኝ ሲስተሯ።

ታጥቤ ስመለስ ሕፃኑ ጡጦውን መጀመሪያ ተፋው፤ ቀጥሎ አኘከው፤ ከዚያ ያዘው። ሲምገው ድምፁ ደብረ ወርቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የአያትየው እንባ በጉንጫቸው ወረደ። አራሷ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«ማን ነው እንዲህ የሚጠጣው?»

«ያንቺው ነው» አሉ አያትየው። «ሆዳም። ባባቱ ወጥቶ።»