እስከ ጥምቀት ብቻ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሳሮን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳችን ላይ ታነባለች። እኔ አጠገቧ ጫማዬን እቦርሻለሁ፤ የት ልሄድበት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ድንገት ቀና አለች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም። እነዚያ የጣሊያን ፋሺስቶች መጀመሪያ የገዛ አገራቸውን የያዙት በጦርነት አይደለም። ምክር ቤት ነበረ፣ ምርጫ ነበረ። ሰው እንዴት በገዛ እጁ ያስረክባል?»

«በድካም» አልኳት።

ሳቀች። ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ የሚያወራ መስሏት ነው። እኔ ግን በሐሳብ ጥያት ሄጃለሁ፤ ከዚህ ፎቅ ሥር ወደነበረው ቅያስ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ከዝናብ ሽታ ጋር ወደሚደባለቅበት። የጭቃ ቤቶቻችን እንደ ሰካራም እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ወፍራም ሰዎች ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ ያኔ መቃ ስለነበርኩ ችግር አልነበረብኝም።

የእድራችን ዳኛ አቶ ካሳዬ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ስብሰባቸው ማለቂያ የለውም። ተናጋሪው ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» እያሉ ዝም ያለውንም ያናግራሉ። በዚያ ዓመት ሌባ በዛብን፤ የጣራ ቆርቆሮ ሳይቀር ይነቀላል። እኛ ስለ ዘበኛ ቅጥር ስንከራከር ክረምቱ አለፈ፣ አደይም ረገፈ።

አንድ እሁድ ሃምሳ አለቃ ደምሰው ከኋላ ተነሳ። ከወታደር ቤት ይዞት የወጣው ድምፅ ነበረው።

«ለእኔ ስጡኝና እረፉ! እስከ ጥምቀት ብቻ። ስብሰባ የለም፣ ወሬ የለም!»

እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ደስታችን! እሁዳችን ተመለሰልን።

ሃምሳ አለቃው ጎረምሶቹን ሰብስቦ ክንዳችን ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሰረልን፣ ፊሽካም አደለን። ሱሪዬን በገመድ የማስር ልጅ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ ሲንጠለጠል ቁመት የጨመርኩ መሰለኝ። ሌባ ባጣ ለድመት እነፋ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሌብነቱ ቀነሰ። ሰዉም «አየህ?» ተባባለ።

ሌባ ሲጠፋ ሃምሳ አለቃው ሌላ ነገር አመጣ። ሌባው ከውጭ የሚመጣ አይደለም፣ ተከራዩ ነው አለ፤ ትናንት መጥቶ ዛሬ እድርተኛ የሆነው። አንድም ተከራይ ሲሰርቅ ያየ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ራስን መነቅነቅ ከስብሰባ ይቀላል። ጥምቀት መጣ፤ ታቦቱን ሸኝተን፣ ጨፍረን፣ ሎሚ ተወራውረን ተመለስን። ቀጠሮውን ያነሳ የለም።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። በዚያ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ይወጣል፤ ከየቤቱ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው እየተዋጣ በትልቅ ድስት ይቀቀላል፣ ንፍሮውን ሁሉም ሜዳ ላይ ይበላል። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እንፋሎቱ ይታየኛል፣ ከእንፋሎቱ ጀርባ የሰዎቹ ፊት እንደ ሕልም እየራቀ፣ እየቀረበ።

እትዬ ዘነቡ ሽምብራ በሳህን ይዛ መጣች። ተክለ ሃይማኖት ጎመን የምትሸጥ ተከራይ ናት፤ ባሏ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዟል። ሃምሳ አለቃው ድስቱ ፊት ቆመ።

«የተከራይ እህል እዚህ አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ ተከራይ ከእድሩም ወጥቷል።»

«ምን አልክ?» አለች። «ባሌ እኮ ነገ ዛሬ እያለ ነው። ማን ይቀብርልኛል?»

ወንዶቹ ድስቱን ማየት ጀመሩ፤ ንፍሮ እንዲህ የሚያስተውል ሕዝብ አይቼ አላውቅም። አቶ ካሳዬ ቀስ ብለው ተነሱ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ኧረ በልደታ፣ ሊጀምሩን ነው!» አለ አንዱ።

«ጥምቀት መቼ ነው ያለፈው?»

ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ! ንፋ! እንዳያወራ!»

እኔ ሆዳሙ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ከድስቱ ዘግኜ ነበር፤ አፌ ጢም ብሏል። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ፊሽካውን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ባለኝ ኃይል ነፋሁ። የወጣው ድምፅ አልነበረም። ስንዴው ተረጨ፤ አንድ ባቄላ በሮ የሃምሳ አለቃው ደረት ላይ፣ ልክ ኒሻን የሚደረግበት ቦታ ተለጠፈ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ቀጥሎ ባለፊሽካ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ። ሃምሳ አለቃው ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር ባቄላው ደረቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። አቶ ካሳዬ ሳይቸኩሉ፣ «ተከራይ ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ» አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። «አይውጣ የሚልስ?» ሴቶቹ ጭልፋቸውን አነሡ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያለ ሌላው። ያሸነፍነው ለጥቂት ነው።

ሽምብራው ድስት ገባ። ሐምሌ ላይ የእትዬ ዘነቡ ባል ሲሞት ድንኳኑ በዝናብ ተተከለ። ሃምሳ አለቃ ደምሰውም ቃሬዛ ተሸክሟል፤ እድርተኛ ነዋ።

ይህን ሁሉ ነግሬያት ስጨርስ፣ «ታዲያ እርስዎ ጀግና ነበሩ!» አለች ሳሮን።

ሰፈሩም ያኔ እንዲሁ ብሎኛል፣ እኔም ብዙ ዓመት አላስተባበልኩም። ግን አፌ ባዶ ቢሆን ኖሮ ጥሩ አድርጌ እነፋ ነበር። ሃምሳ አለቃውም ክፉ ሰው ሆኖ አልመጣም፤ እሁዳችንን ሊመልስልን ነው የመጣው፣ እኛም አመስግነን ነው የሰጠነው።

የፊታችን እሁድ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ አለ። አጀንዳው የውሃ ፓምፕ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ሳይስማሙ ይመሻል። እኔም ከሁለተኛው ተናጋሪ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሳሮንን አብረን እንሂድ አልኳት። እጅ ማውጣት ሲደርስ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ያስፈልገኛል።