ኤርጎጌ እጇን ያወጣች ዕለት

የመረዳጃ ማኅበራችን መሪውን «ፕሬዚዳንት» ነው የሚለው። መሥራቾቹ «ሊቀ መንበር» የሚለውን ቃል አንፈልግም ብለው ነው አሉ፤ አብዛኞቹ በዚያ ቃል ተንቀጥቅጠው ያደጉ ሰዎች ነበሩ። ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ ነበር፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ሰው ሲሞትብን አስከሬኑን አገሩ ማድረስ። ወረርሽኙ እስኪመጣ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሆነ እንኳ የማናውቅ ብዙ ነበርን። ኮቪድ መጣ፤ ሞቱ በዛ፤ በመጨረሻም ፕሬዚዳንታችን አምሃ ራሱ በዚያው በሽታ ሄደና ወንበሩ ባዶ ቀረ። አዲስ ለመምረጥ ስለተደረገው ስብሰባ ብዙ ተወርቷል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንዲት መራጭ ነው።

ጓደኛዬ ኤርጎጌ ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ ባለችው ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ዓይነት ሱቅ አላት። በሰው ግቢ ጥግ የተሠራች የቆርቆሮ ሱቅ ናት፤ ኤርጎጌ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ዳቦ፣ ወተት፣ ነጭ ጋዝና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ሱቋን የከፈተው ባሏ ዓብዩ ነው። ሁለቱም ከሆሳዕና ወጣ ብላ ካለች አንዲት ቀበሌ የመጡ፣ በአንድ የመዘምራን ቡድን ያደጉ ናቸው። ዓብዩን ወደዚህ አገር ያስመጣው ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ሀቢሶ ነው። ዓብዩ በተራው ኤርጎጌን አስመጣ። ልጃቸው ፊቤ እዚሁ ቤኖኒ ተወለደች።

ዓብዩን አንዴ ያየው አይረሳውም። ዙሉኛ የተማረው ከቴሌቪዥን ድራማ ነው። ስለዚህ ዳቦ ሲሸጥ እንኳ የሚናገረው እንደ ተዋናይ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ስኳር አለ?» ብላ ስትጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው «እማማ... ስኳር አልቋል» ይላታል። ሰልፈኛው በሳቅ ይፈርሳል። ኤርጎጌ ዝምተኛ ናት። እሱ ያስቃል፣ እሷ ዳቦ ታቀብላለች። ኑሯቸው እንዲህ ነበር።

በ2021 ጃንዋሪ፣ ሁለተኛው የወረርሽኝ ማዕበል ከተማውን ሲያጥለቀልቅ፣ ዓብዩ ሳል ጀመረው። የአቧራ ነው አለ። ትንፋሹ ሲያጥረው ሀቢሶ መጥቶ በመኪናው ሆስፒታል ወሰደው። ኤርጎጌ ከበር አላለፈችም፤ አስታማሚ አይገባም ነበር። ስልኩ ሊዘጋበት እንደሆነ ሲነግራት ቻርጀር ገዝታ በዘበኛው እጅ ላከችለት። ይድረሰው አይድረሰው እስከ ዛሬ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም።

ቀብሩ ላይ እኔም ነበርኩ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ እንዳስገቡት ነገሩን እንጂ ፊቱን ያየ የለም። ፓስተሩ ማስኩን እንዳደረገ አጭር ጸሎት ጸለየ። ያን ሰሞን ማኅበሩ አስከሬን መላክ አልቻለም ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ታሞ ተኝቷል። ሀቢሶ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ አገር ቤት ላለችው እናታቸው ደወለ። ስልኩ በስፒከር ነበር፤ ሁላችንም ሰማን። «እማዬ፣ እዚህ አላስቀረውም። ይህ ክፉ ጊዜ ይለፍ እንጂ አውጥቼ አመጣልሻለሁ» ብሎ በእግዚአብሔር ስም ማለላት።

ምርጫው የተደረገው በኤፕሪል ነው፤ ሕዝብ መሰብሰብ ሲፈቀድ፣ እዚህ ትሮይቪል እኔ ቤት አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ግቢ። ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ ምሕረቱ ነው፤ እንደ እኛው የደቡብ ልጅ፣ ባለ ሱቅ፣ ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚደርስ። ሌላዋ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከከተማው በስተ ሰሜን የምትኖር። አነጋገሯ ደረቅ ነው፤ ሰላምታዋም አጭር። ኤርጎጌ እንደነገረችኝ፣ በለቅሶው ሰሞን እንኳ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር መጥታ «ያጽናሽ» ብቻ ብላት ነው የወጣችው።

ሀቢሶ ከምሕረቱ ጎን ቆሞ ሲቀሰቅስ ነበር የከረመው። ያን ዕለት ጠዋት ኤርጎጌንና ፊቤን ከዳቬይተን በመኪናው ይዟቸው መጣ። ኤርጎጌ በእሱና በእኔ መካከል ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተናገረው ምሕረቱ ነው።

«በዚህ በሽታ ያጣናቸውን ወንድሞቻችንን እንደ ውሻ ነው የቀበርናቸው!» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ከመረጣችሁኝ አንድ በአንድ አስወጥቼ አገራቸው አስገባቸዋለሁ። የማንም እናት በባዶ ድንኳን አታለቅስም!»

ግቢው በጭብጨባ ተናጠ። ከኋላችን ያሉ ሴቶች አለቀሱ። ሀቢሶም እንባውን በማስኩ ጫፍ ጠረገ።

ጸሐይወርቅ ስትነሣ ጭብጨባ አልነበረም።

«አልዋሻችሁም» አለች። «የተቀበሩትን ማውጣት አንችልም። ከእንግዲህም የሞተው እዚሁ ይቀበር እላለሁ። ያለን አቅም ለቀሩት ሚስትና ልጆች ይሁን። የምለው ይኸው ነው።»

«እሷን ምን ቸገራት? የሞተባት የለ!» አለ አንድ ሰው ጮክ ብሎ። ጸሐይወርቅ ተቀመጠች።

በወረቀት እንዳንመርጥ ብዕር ስንቀባበል በሽታም እንቀባበላለን ተባለ። ስለዚህ እጅ ይውጣ ተባለ። ሩቅ ላሉት ደግሞ አንድ ሰው በስልኩ እየቀረጸ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር።

የምሕረቱ ስም ሲጠራ እጅ እንደ ዱር ወጣ። የሀቢሶ እጅ ከሁሉም ቀደመ። የእኔም ወጣ፤ አልደብቅም፣ እኔም በንግግሩ ልቤ ተነክቶ ነበር። ኤርጎጌ ግን ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መካከል ቀብራ ተቀምጣለች። ሀቢሶ ያልሰማች መሰለው፤ በሀዲይኛ «እጅሽን» አላት። አንገቷን ደፋች።

የጸሐይወርቅ ስም ተጠራ። ከኋላ ጥቂት እጆች ወጡ፤ ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ አጠገቤ ጥቁር እጅጌ ሲነሣ አየሁ። መጀመሪያ እስከ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ ከፍ አለ። በእኛ ወገን ከተቀመጥነው ሁሉ የወጣው እጅ እሱ ብቻ ነበር። የሚቀርጸው ሰውዬ ስልኩን ወደ እኛ አዞረ።

ምሕረቱ በሰፊው አሸነፈ። የኤርጎጌ እጅ የለወጠው ነገር አልነበረም። ሰው ሲተቃቀፍ፣ ክልክል መሆኑን ረስቶ ሲሳሳም፣ ሀቢሶ ከወንበሩ አልተነሣም። በመጨረሻ ወደ እሷ ዞረና፣

«የፊቤ እናት» አላት ረጋ ብሎ፣ «ዓብዩን የቀበርሽው ዛሬ ነው።»

መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እሷንና ልጇን ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው።

ምግብ ባቀርብላት አልነካችውም። ፊቤ ሌላ ክፍል ስልክ ስትነካካ፣ «ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ፍሬገነት፣ ምሕረቱ ሲናገር ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ነው ያየው» አለችኝ። «እኔ ጉድጓዱ ነው የታየኝ። ሊቆፍሩት ነው፤ ያን ፕላስቲክ ሊያነሡት ነው። ምን ሆኖ ነው የሚያገኙት? ፊቤ ደግሞ መቃብሩ ጋ ስንሄድ የትምህርት ቤት ወሬዋን ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛ ታወራዋለች። ሆሳዕና ሄዳ ልታወራው ነው?»

«እናቱስ?»

ሳህኑን ገፋ አድርጋ ፊቤን ጠራቻት። ሲመሽባት በሁለት ታክሲ ዳቬይተን ገባች።

ቪዲዮው ቀበሌያቸው የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። አንድ የዓብዩ የእህት ልጅ ስልኩን ይዞ ለኤርጎጌ አማት አሳያት። ኤርጎጌ እንደ ልማዷ እሑድ ስትደውል ስልኩ ጠራ፤ ተነሣ፤ ድምፅ ሳይሰማበት ተዘጋ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሸሻት። ፊት ለፊት የሚሰድብ የለም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም። ግን ማስክ ለብዙ ነገር ይመቻል። ሰላም ሳይልሽ ያለፈ ሁሉ «ውይ፣ አላወቅሁሽም እኮ» ይላል። ሀቢሶ ዕቃ ከጅምላ መደብር ያመጣላት ነበር፤ አሁን በሰው ይልክላት ጀመር። አላስራባትም፤ ፊቷን ግን አላየም።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ሱቋ ሄጄ አብሬያት ቆሜ ሳለ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ «ያሸነፈ መራጭ ድምፁን ሰጥቶ ይረሳዋል። የተሸነፈ ግን ይዞት ይዞራል» አለችኝ። ከዚያ ለደንበኛ ሻማ አቀበለች። መብራት ጠፍቶ ነበር።

ምሕረቱ ቃሉን ለመጠበቅ አልሰነፈም፤ ምስክር ነኝ። ሱቁን ለሰው ትቶ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። አንዱ ለሌላው ያስተላልፈዋል፤ ሌላው ነገ ና ይለዋል። ይህ ሳያልቅ ሦስተኛው ማዕበል መጣና ያስወጣል የተባለው ሰው ራሱ እየዞረ ሲቀብር ከረመ። በሴፕቴምበር ሰበሰበን። ክስት ብሏል። ማስኩን ከፊቱ አወረደና፣ «አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ» አለ። የተቆጣውም የለ፣ ያጽናናውም የለ። ሰው ወንበሩን እያጠፈ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ኤርጎጌ ናት።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ ሆና ወደ መስኮቱ የቀረበ ሰው ታያለች። ሀቢሶ ነው። እንደ ደንበኛ ከፍርግርጉ ውጭ ቆሟል።

«ሰላም ነሽ?»

«ጌታ ይመስገን። ግባ እንጂ።»

አልገባም። ብረቱን ጨበጠና፣ «አንቺ ንገሪያት» አላት። «የማልኩላት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ከብቶቹ ጠይቄ ዘጋሁት። አንደበቴ እምቢ አለኝ።»

«የእኔን ስልክ አታነሣም፣ ወንድሜ።»

«በእኔ ስልክ ደውዪ።»

የብረቱን በር ከፈተችለት። ገብቶ የዳቦ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ፤ ስልኩን ሰጣት። ፊቤ ከትምህርት ቤት መጥታ ስለነበር መስኮቱን ያዘች።

«ሀቢሶ?» አለች እናቲቱ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ኤርጎጌ ነኝ።»

አሮጊቷ ስልኩን አልዘጋችውም። ኤርጎጌ ነገሩን አላስረዘመችውም። ዓብዩ እንደማይመጣ፣ ምሕረቱ ሁሉን ሞክሮ እንዳልሆነለት፣ ሀቢሶ ነውር ሆኖበት መናገር እንዳቃተው ነገረቻት። በወዲያኛው ጫፍ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ፣

«መሬቱ ምን ዓይነት ነው?» አለች አሮጊቷ።

«ቀይ ነው።»

«ውሃ ይተኛበታል?»

«አይተኛበትም። ተዳፋት ነው።»

«አጠገቡ ማን አለ?»

ኤርጎጌ ይህን ትጠይቀኛለች ብላ አላሰበችም። በዚያ ወራት የሚቀበረው በሞት ተራ ነበርና ከዓብዩ ጎን ያረፉት በዚያው ቀን የተቀበሩ አንዲት የዚህ አገር እናት ናቸው።

«አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፣ እማዬ። ማማ ንኮሲ ይባላሉ።»

«ልጆች አሏት?»

«አሏቸው። ይመጣሉ። የእናታቸውን አረም ሲነቅሉ የዓብዩንም ይነቅሉለታል።»

«ታውቀው ነበር?»

«አያውቁትም ነበር።»

«እንግዲህ ጎረቤት ሆኑ» አለች እናቲቱ። «ልጆቿን ሰላም በይልኝ።»

ለቅሶው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሀዲይኛ፣ የልጇን ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር እየጠራች፣ እንደ ድሮው ሥርዓት ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። የደረቷ ድምፅ በስልኩ ይሰማ ነበር። ሀቢሶ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከውጭ ሰልፍ የያዙት ደንበኞች ቋንቋውን ባይሰሙም ለቅሶ መሆኑን አውቀው ዝም አሉ። ፊቤ ብቻ ዕቃ ታቀብላለች።

አሁን አማቷ ስልክ ታነሣለች። ራሷ ግን ደውላ አታውቅም። ሀቢሶም ዕቃውን ራሱ ያመጣል፤ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። የምርጫውን ነገር ሁለቱም አያነሡትም።

እኔ ግን አንድ ቀን አነሣሁት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነው። «ከሁላችንም አንቺ ነበርሽ ትክክል» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ።

«ትክክል መሆኔ ምን ይሠራልኛል፣ ፍሬገነት? እጄን ያወጣሁት እንደማይሆን ስለገባኝ ነው እንጂ እኔም እኮ እንዲሄድ ነበር የምፈልገው። ስንቴ በልቤ ወስጄዋለሁ መሰለሽ። ሰው ሁሉ መንገድ ወጥቶ ሲቀበለው፣ ጓደኞቹ መዘምራን ሣጥኑን ሲሸከሙት፣ እናቱ ላዩ ላይ ስትወድቅበት... ሁሉንም አይቼዋለሁ። ደጃፋቸው ባለው ባሕር ዛፍ ሥር አስገብቼው እመለሳለሁ። ከዚያ ጠዋት ተነሥቼ ሱቅ እከፍታለሁ።»