በአባቴ ስም የተቆረጠው የእናቴ ቲኬት

እናቴ አሜሪካ፣ ፍሪድሊ ከተማ፣ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ በኖረችባቸው ዓመታት፣ ለሠርግና ለልቅሶ ካልሆነ ፈቃድ ወስዳ አታውቅም። ጡረታ ስትወጣ ቦትስዋና ወስጄ ዝሆን ወንዝ ሲሻገር ላሳያት ቃል ገባሁ። አስተማሪ ነኝና ጉዞውን በየቀኑ ከፋፍዬ ሠንጠረዥ አወጣሁለት፤ ጀልባው መቼ፣ መኪናው መቼ፣ በጾም ቀን ምን እንደምትበላ ሳይቀር። ቲኬቱን እንድትቆርጥልን የፓስፖርቶቻችንን ቅጂ ለአንዲት አሜሪካዊት የጉዞ ወኪል ሰጠኋት።

ቲኬቱ በኢሜይል ሲመጣ ከእናቴ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የአባቷ ሳይሆን የአባቴ ስም ነበር። ከፓስፖርቷ ጋር አይገጥምም። በዚህ ቲኬት አውሮፕላን ላይ አያሳፍሯትም።

«እማዬ፣ ወኪሏ ደውላልሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ አንቺ ክፍል ሆነሽ። ያንቺን ላስት ኔም፣ ያባትሽን ስም ጠርታ ‹ይኼ የእርስዎ ነው?› አለችኝ። የኔ ነዋ! ባሌ አይደል?»

አባቴ ከሶፋው ሳይነሳ ሳቀ። «እኔን ቤት ጥላችሁ ስሜን ሳፋሪ ልትወስዱት ነው?»

እኔ አልሳቅሁም። ወኪሏ ጋ ደውዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁና ለተማሪዎቼ እንደማደርገው ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ሴት አገባች ተብሎ የአባቷ ስም አይቀየርም። ስለዚህ የእናትና የልጅ ሁለተኛ ስም አንድ አይሆንም። በትዕግሥት ሰማችኝና «ገባኝ» አለች። «ግን ፓስፖርቷን በባሏ ስም ብታስቀይረው አይቀልም? ብዙ ሴቶች እንደዚያ ያደርጋሉ።»

ደሜ ፈላ። ለእሷ ኮምፒውተር እንዲመቸው አያቴ ይሰረዝ? እናቴ ገና ልጅ ሳለች ነው የሞተው። ፎቶግራፉ እንኳ የላትም። አሜሪካ ስትገባ፣ ዜግነት ስትወስድ፣ ሥራ ስትቀጠር፣ በየቅጹ ላይ ይዛው የዞረችው ስሙን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። የአባቷን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ነገረቻት።

«እሱ ከሌለ ዝሆኑም ይቅር» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ ቲኬት መጣ። የእናቴ ስም ተስተካክሏል። የኔን ሳይ ግን እኔንም በአያቴ ስም አድርጋኛለች፤ እናትና ልጅ እንድንገጥምላት!

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አባዬ ሌላ ሴት ልጅ አገኘ!»

አባቴ አሁን ቀና ብሎ ተቀመጠ። «እንዴ! እኔስ?»

እንደገና ደወልኩ። በዚህ ጊዜ ለማስረዳት አልሞከርኩም። «ፓስፖርቶቹ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጪ፤ ምንም አታስተካክዪ» አልኳትና፣ ትክክለኛው ቲኬት ኢሜይሌ ውስጥ ገብቶ እስካየው ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።